በጭቃው ላይ የተገኘ ጥላሸት

ወርቅ ነጋዴው ኻሚስ በሚዛኑ ላይ ተደፍቶ የተገኘው እኩለ ቀን ላይ ነበር። የበሩን መቀርቀሪያ ሰብረው ሲገቡ ፋኖሱ አሁንም ይጨሳል፤ ሰውነቱ ላይ ግን ጭረት እንኳ የለም። አሶሳ በፍርሃት ተዋጠች። ቁርሱን ያቀረበችለት አዲሷ ሚስቱ ኸድራ ነበረችና ወንድሙ ጀዕፈር በመርዝ ከሰሳት። ሹሙም ከቀትር በኋላ ካለው የዐስር ሶላት በፊት ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ትገደል ብሎ ፈረደ።

ጉዳዩን እንዲያጣራ ሙርሳል ተላከ። በወጣትነቱ በሱዳን የዐባይ መርከቦች ላይ እሳት ሲያነድ የኖረ ሽማግሌ ነው። ሬሳ ያለበት ቤት ሲገባ መጀመሪያ ጣሪያውን ስለሚያይ ሰው ይስቅበታል። ዛሬ የሳቀ አልነበረም። ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። ሙርሳል ጎንበስ ብሎ የሟቹን የታች ከንፈር ገለበጠ፤ ውስጡ ደማቅ ቀይ ነበር።

«በሩን ለምን ዘጋው?»

«ወርቅ ሲመዝን ሁሌ ይዘጋል» አለች ኸድራ። «ነፋስ ብናኙን እንዳይወስድበት የበሩን ስንጥቅ እንኳ በጨርቅ ይወትፋል። ከጣሪያው ሥር ያለችውን ቀዳዳ ግን አይነካትም፤ እሷ ከተዘጋች ራሴን ያመኛል ይል ነበር።»

ላምባውን የሸጠለት ሱዳናዊው ማህጁብ ሳይጠየቅ ማለ። «ወላሂ ላምባዬ ንጹሕ ነው፤ እኔም ቤት የሚነደው እሱ ነው።»

ጀዕፈር ቆጣ ብሏል። «ጠዋት በጓሮ ሳልፍ በቀዳዳዋ አየሁት። ፋኖሱ ቦግ ብሎ ይበራል፣ እሱ ገንፎዋን ይበላል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ሙርሳል የተረፈውን ገንፎ በጣቱ ዛቀና ዋጠው። ኸድራ ፊቷን ሸፈነች። እሱ ግን ጓሮውን ዞሮ አየ፣ ተመልሶም በርጩማ ላይ ወጥቶ የግድግዳውን ጫፍ ዳሰሰ። ጣቱን በልብሱ ጠረገ።

የዐስር ሶላት ሲቃረብ ኸድራን፣ ማህጁብን፣ ጀዕፈርንና የሹሙን ሁለት ወታደሮች እዚያው ክፍል አስቀመጣቸው። በሩን ዘጋ፣ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፈ፣ ፋኖሱን ለኮሰ።

«ላምባ እንደ ሰው አየር ይፈልጋል» አለ። «ሲጠግብ ሙሉ በሙሉ ይነዳል፤ ነበልባሉ ይነጣል፣ ብርጭቆውም አይጠቁርም። አየር ሲያጥረው ግን ግማሹ ሳይነድ ይቀራል። እሳቱ ይቀላል፣ ጥላሸት ይተፋል። ከጥላሸቱ ጋር የማይታይና የማይሸት መርዝ ይወጣል። መርከብ ላይ ሁለት ጓደኞቼን እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ገድሏቸዋል። የእነሱም ከንፈር ቀይ ነበር።»

ነበልባሉ ቀስ በቀስ ቀላ። ብርጭቆው ጠቆረ። ማህጁብ ዱዓ ጀመረ፤ ወታደሮቹ በሩን በሩን ያያሉ።

«ክፈት» አለ ጀዕፈር። ላብ በላብ ሆኗል።

«ምነው? የገደለው ገንፎ ነው ብለሃል። እኔ እንኳ በልቼው አለሁ።»

ጀዕፈር ብድግ ብሎ በርጩማው ላይ ወጣ፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን ጥቁር ግድግዳ በቡጢ መታው። ያልደረቀ ጭቃ ወደ ውጭ ወደቀና የቀን ብርሃን ገባ።

«ቀዳዳዋ መመረጓን ለማንም አልተናገርኩም» አለ ሙርሳል በሩን እየከፈተ። «ጭቃውን ጥላሸት ሸፍኖ ከግድግዳው ጋር አመሳስሎታል። ይህም ማለት ፋኖሱ መጨስ ሳይጀምር በፊት ተመርጋለች። አንተ ግን ፋኖሱ ገና ቦግ ብሎ ሲበራ በእሷ በኩል አየሁት አልክ፤ አሁን ደግሞ በጥቁሩ ግድግዳ ላይ የተመረገችበትን ቦታ ሳትፈልግ መታህ። ኻሚስ ወርቅ የሚታጠብበትን ወንዝ ለኸድራ መህር፣ የጋብቻ ጥሎሽ፣ አድርጎ ሰጥቷት ነበር፤ እሷም ብትሞት ላንተ ይቀርልሃል።»

 ወታደሮቹ የጀዕፈርን እጅ አስረው ወሰዱት።

ኸድራ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። «አባባ ሙርሳል» አለች፤ «ሲዘገይብኝ እንዳይቆጣ ፈርቼ በሩን አላንኳኳሁም። ባንኳኳ ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

ሙርሳል እውነቱን ያውቃል፤ በሩ በጊዜ ቢከፈት መርዙ ይወጣ ነበር።

«አይተርፍም ነበር፣ ልጄ» አላት።