ሦስት ቀን ስለ ጌዴዎን

«ክንድህን አንሳ እንጂ!»

ኤርጎጌ የልብስ ሜትሩን በልጇ ብብት ሥር አዙራ ደረቱ ላይ ጠበቅ ስታደርገው፣ ጌዴዎን «ዋይ!» ብሎ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ምን ሆንክ? በመርፌ አልወጋሁህም!»

«ምንም አይደለም እማ።»

ምንም አይደለም ሲሏት የምትተው እናት ግን አይደለችም። ተጠግታ በሁለት ጣቷ ደረቱን ነካ ነካ አደረገች። ከግራ ጡቱ ጫፍ ሥር ባቄላ የሚያህል ጠጣር እብጠት አገኘች። በቀኝም ሌላ። 

«ጌታ ሆይ! ይሄ ምንድን ነው? እህቴን ሲጀምራት እንዲሁ ነበር!»

ጌዴዎን ደነገጠ። አክስቱ በጡት ካንሰር እንደሞተች ያውቃል። እብጠቱ ከምን እንደመጣበትም ያውቃል። «እማ፣ ቆይ» ሊል ሲል፣ እናቱ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ስፓዛው፣ ወደ አባቱ የሰፈር ሱቅ ሮጠች።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤቱም ጂሙም በኮቪድ በተዘጋበት ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛው አጵሎስ ከፎርድስበርግ ገበያ ክኒን አመጣ። «ጡንቻ የሚያወጣ ስቴሮይድ ነው ብሮ፤ በሁለት ወር ታብጣለህ» አለው። እውነትም ክንዱ ሞላ። በሚኖሩበት በቴምቢሳ የአባቱ የሱቅ ደንበኞች «ቢግ ማን!» እያሉ ሲጠሩት ልቡም አብሮ አበጠ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሲታጠብ ደረቱን አየና መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለ። ጡት አውጥቷል፤ እንደ ሴት ልጅ። ስልኩን ሲጎረጉር ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ሴት ሆርሞን ሊቀየር እንደሚችል አነበበ። ክኒኑን አቆመ፤ ጡቱ ግን አልቆመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሙቀትም በብርድም ወፍራም ጃኬት ለባሽ ሆነ።

አሁን ደግሞ የእሱና የጓደኞቹ የውሃ ጥምቀት ደረሰ። እስከ ሃምሳ ሰው እንዲሰበሰብ ስለተፈቀደ በሚቀጥለው ወር ሊያጠምቋቸው ነው። የተጠማቂዎቹን ነጭ ቀሚስ የምትሰፋው እናቱ ናት። ከውሃ ሲወጣ እርጥብ ቀሚስ ደረቱ ላይ ይለጠፋል። ይህን እያሰበ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር።

አባቱ ዱካሞ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ክሊኒኩ ጋ ደወለ፤ በኮቪድ ታማሚ ስለተጨናነቀ ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ሆነ። ስልኩን ዘጋና «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ለቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳን እንንገር» አለ። ጌዴዎን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የጸሎት አስተባባሪው ድምፅ በቤተ ክርስቲያኑ የዋትሳፕ ግሩፕ መጣ። «ቅዱሳን፣ የወንድም ዱካሞ ልጅ ጌዴዎን ደረቱ ላይ ዕጢ ወጥቶበታል። ሦስት ቀን ጾም ጸሎት ይዘናል።»

ምእመኑ በሙሉ ባንድ ላይ መሰብሰብ ስላልተቻለ ሁሉም ጸሎቱን በድምፅ እየቀዳ ይልካል። አንዱ ከሱቁ፣ ከፍርግርጉ ኋላ ሆኖ ያለቅሳል። ደንበኛ ዳቦ ሲጠይቀው «ሶሪ፣ ዋን ሚኒት» ይልና ያለቅሳል። ጌዴዎን ከእናቱ ስልክ እየሰማ አፈረ። ለራሱ ሞኝነት ሰው ሲራብለት መስማት ደረቱ ካመመው በላይ አመመው።

በሁለተኛው ቀን ከቮስሎሩስ ሰፈር የእማማ ብርሃኔ ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ ይቆራረጣል። «ልጄ ጌዴዎን... ትናንት ስኳሬ ወርዶ ወድቄ ነበር። ሰዎች ብይ አሉኝ። አንተን ሳይምርልኝ አልበላም።»

 እማማ ብርሃኔ በኢንሱሊን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ጌዴዎን ወዲያው ለአጵሎስ ደወለ።

«ልናገር ነው።»

«ዮ! አበድክ? እኔንም ልታስጨርሰኝ ነው? ይጹሙ በቃ፤ ነገ ያልቃል!»

«እማማ ብርሃኔ በጾሙ ወድቀዋል እኮ! ቢሞቱስ?»

አጵሎስ በሌላ ድምፅ፣ እንደ ትንሽ ልጅ፣ «ጌዲ... ሲነኩት ያማል እንዴ? እኔንም በግራ በኩል ጀምሮኛል» አለ።

ጌዴዎን «ከኔ ጋር ክሊኒክ ትመጣለህ» አለና ስልኩን ዘጋ።

እናቱ ስፌት መኪናው ላይ አቀርቅራለች። ከንፈሯ ደርቋል። ጌዴዎን ጃኬቱን አወለቀ። ከፍራሹ ሥር ያወጣውን የክኒን ጠርሙስ በነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠው።

«እማ፣ እንደ አክስቴ አይደለም። ይሄን ውጬ ነው። ጡንቻ ያወጣል ብለውኝ።»

ኤርጎጌ ጠርሙሱን አየች፤ ልጇን አየች። የስፌት መኪናው ጎማ ቆመ። ለመጮኽ ያሰበች መሰለች፤ የወጣው ግን እንባ ነው።

«ሁለት ቀን ሙሉ ቀብሬህ ነበር እኮ!»

«አውቃለሁ። ትቆጪኛለሽ፤ ለአባዬም እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ስልክሽን ስጪኝ።»

ስልኩን ሰጠችው። ግሩፑን ከፈተ። መቶ ሃያ ሰው አለ። ለእማማ ብርሃኔ ብቻ ለይቶ ሊልክ አሰበ፤ ከዚያ ሌሎቹም እንዳልበሉ ትዝ አለው። የመቅጃውን ምልክት ተጫነ።

«እማማ ብርሃኔ፣ ጌዴዎን ነኝ። እባክዎ መጀመሪያ ይብሉ። እየበሉ ይስሙኝ።»