የጋሽ ጉርሜሳ አራት ገጽ

«ካዛንቺስ ውስጥ እኔ ነክቼው ያልተስተካከለ ኮምፒውተር ካለ ይምጣ» አለች አርያም፣ በአክስቷ ወንበር ላይ እግሯን አጣጥፋ።

አክስቷ ትበርህ ባዶውን የፕሪንተር ቶነር በፌስታል እየጠቀለለች ነበር። ከገበያው ጀርባ ያለችው የጽሕፈት ቤቷ አንድ በር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያላት። ማመልከቻ፣ የፍቺ ክስ፣ ይግባኝ፣ ሁሉም የሚጻፈው እዚያው ነው።

«ይቺን ቀርፋፋ ካፈጠንሽልኝማ በርገር እጋብዝሻለሁ» አለች ትበርህ። «የሰው ጽሑፍ እንዳትነኪ ብቻ።»

«አክስትዬ ደግሞ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እኮ ነኝ። ጽሑፍና ቆሻሻ መለየት ያቅተኛል?»

ትበርህ ቶነሩን ልታስሞላ ወደ ሜክሲኮ ሄደች። አርያም ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። የክፍሏ ልጅ ፋኑኤል የሰጣት የማጽጃ ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ነበር። ስትከፍተው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ዝርዝር መጣ፤ ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ትንሽ ሳጥን አለ፤ አብዛኞቹ ሳጥኖች ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። ሁለቱን አነበበችና ሰለቻት። ፕሮግራሙ ራሱ ከመረጣቸው ያውቃል ማለት ነው። ኔክስት አለች፣ ኔክስት፣ የስ። አረንጓዴው መስመር ሞላ። ከአንድ ጊጋ በላይ ቆሻሻ ወጣ ተባለ። ኮምፒውተሩም እውነትም ነቃ አለ፤ አርያም ለብቻዋ ፈገግ ብላ በርገሩን ከነቺፑ ማሰብ ጀመረች።

ጋሽ ጉርሜሳ የገቡት ያኔ ነው። ለገሃር ባቡር ጣቢያ መካኒክ ሆነው ጡረታ የወጡ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። የፕላስቲክ ማህደር አቅፈው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«ትበርህ የለችም?»

«ቶነር ልታስሞላ ሄዳ ነው። አሁን ትመጣለች፣ አረፍ ይበሉ ጋሽ ጉርሜሳ።»

«ትምጣ ብቻ። ይግባኙ ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው። መዝገብ ቤቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፈኝ በቃ፣ ቤቱን ለእህቴ ልጅ ለዘነበ አስረክቤ መውጣቴ ነው።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ስለ ዝናብ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

አርያም ጽሑፉን አውጥታ ልትጠብቅ አሰበች። ቶነሩ እንደመጣ ማተም ብቻ ይቀራል። ዴስክቶፑን አየች፣ የለም። ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፈተች፣ የለም። ለአክስቷ ደወለች።

«አክስትዬ፣ የጋሽ ጉርሜሳን የት ነው ያደረግሽው?»

«ቅርጫቱ ውስጥ።» ከጀርባዋ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።

«የምን ቅርጫት?»

«ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቆሻሻ መጣያ ነዋ። የሰው ጉዳይ በሙሉ እዚያ ነው የማስቀምጠው። አምና ባልና ሚስት በአንድ ሳምንት ውስጥ መጥተው አጽፈውኝ፣ ባልየው አጠገቤ ተቀምጦ የሚስቱን ክስ ስክሪኑ ላይ አነበበው። ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ። ቆሻሻ ውስጥ ማን ይመለከታል? ባለቤቱ ሲመጣ አወጣለታለሁ፣ በቃ። አገኘሽው?»

አርያም ቅርጫቱን ከፈተችው። ነጭ ነው። አንዲት መስመር እንኳ የለበትም። ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ ያው ነው።

«አሪ? አገኘሽው ወይ?»

«አዎ» አለች። «አገኘሁት።»

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። «አንዴ መጣሁ» ብላ ወደ ደጅ ወጣችና ፋኑኤል ጋ ደወለች።

«ቅርጫቱን ባዶ የሚያደርገው እኮ ዲፎልት ነው፣ ራሱ ነው የሚመርጠው» አለ ፋኑኤል። «ምልክቱን ማንሳት ነበረብሽ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ቆሻሻ ውስጥ ፋይል ያስቀምጣል? ማለቴ፣ አክስትሽ ጤነኛ ናት?»

«ይመለሳል ወይ፣ እሱን ንገረኝ።»

«የሚመልስ ፕሮግራም አለ ይባላል። እኔ ጋ የለም። ነገ ልጠይቅልሽ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ፣ አትጨናነቂ። ስከፍተው መብራት ሄደ፣ ሲመጣ ጠፍቶ አገኘሁት በያት። ማን ያጣራል?»

ማንም አያጣራም። በዚያ ዓመት መብራት ሳይሄድ ያለፈ ሳምንት አልነበረም። አርያም ተመልሳ ስትቀመጥ እግሯ ጠረጴዛው ስር ካለው ዲቫይደር ጋር ተነካካ። ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም የተሰኩት እዚያ ላይ ነው፤ ቀዩ ማጥፊያ በእግሯ አውራ ጣት ልክ ነው። ጫን ማድረግ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ እሷም «ውይ፣ መብራት» ትላለች።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ጉርሜሳ፣ መነጽራቸውን እያደረጉ። «ተከፍቶልሽ ከሆነ ሁለተኛውን ገጽ አንብቢልኝ እስቲ። እናቴን ያስታመምኩባቸውን ዓመታት አስራ አንድ ነው ያልነው ወይስ አስራ ሁለት? ዘነበ አንድ ዓመት ከተሳሳትኩ ውሸታም ይለኛል።»

አርያም ባዶውን ቅርጫት አየችው። አውራ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ከሃያ ይላል። አክስቷ ጽሑፉ ተገኝቷል ብላ ተረጋግታለች፤ ቶነሩን አስሞልታ፣ የታክሲ ሰልፍ ጠብቃ፣ ምናልባት ዘጠኝ ተኩል፣ ምናልባት አስር ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ጋሽ ጉርሜሳም እስከዚያ ማህደራቸውን አቅፈው እዚህች አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ።

እግሯን ወደ ራሷ ሰበሰበች።

«የለም ጋሽ ጉርሜሳ» አለች። «አጥፍቼዋለሁ። ኮምፒውተሩን ላጸዳ ብዬ... ሳላነብ የስ አልኩት። የእርስዎንም፣ የሌላውንም ሰው።»

ይጮሁብኛል ብላ ትከሻዋን ወደ ላይ ሰበሰበች። አልጮሁም። መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ረጅም ጊዜ ጠረጉት። ከመጮህ የባሰ ነበር።

«አራቱንም ገጽ?»

«አራቱንም።»

«ትበርህ ታውቃለች?»

«አገኘሁት ብያታለሁ።»

«ደውዪላት» አሉ።

አርያም ደወለች። ቃላቱን ለማሳመር ጊዜ አልነበራትም። «አክስትዬ፣ ዋሽቼሽ ነው። ቅርጫቱ ባዶ ነው፣ እኔ ነኝ ባዶ ያደረግኩት» አለች። ከወዲያ በኩል አንድ የታክሲ ረዳት ካዛንቺስ ካዛንቺስ ሲል ብቻ ተሰማ።

«ቶነሩን ተቀብያለሁ» አለች ትበርህ። «ኮንትራት ታክሲ ይዤ እመጣለሁ። እሳቸው ከአፋቸው ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ። አርያም...» ስታኮርፍ ካልሆነ በቀር ስሟን ሙሉውን አትጠራውም። «የስድስት ሰው ጽሑፍ ነበር እዚያ ውስጥ። ለስድስቱም የሚነግራቸው ማነው?»

«እኔ» አለች አርያም። «ስልካቸው ደብተርሽ ላይ አለ አይደል? ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ። የሆነውን እነግራቸዋለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ዝም ብላ መቀመጥ አልቻለችም። አዲስ ገጽ ከፈተችና ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች።

«አክስቴ እስክትደርስ እንጀምር ጋሽ ጉርሜሳ። እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«ይግባኝ ባይ» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ስክሪኑ ዘንበል ብለው። «አቶ ጉርሜሳ...»

አርያም በእንግሊዝኛ ፊደል ቻት ስታደርግ የሚደርስባት የለም። በአማርኛ ፊደል ግን ኪቦርድ ላይ ጽፋ አታውቅም። አመልካች ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ዞረ፣ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። «የ» አገኘች። አጠፋችው። «ዪ» ሆነ። አጠፋችው።

ጋሽ ጉርሜሳ ሰዓቱን አዩ፣ ጣቷን አዩ።

«ተይው ልጄ» አሉ። «ትበርህን እንጠብቅ። ባንቺ ጣት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ስሜንም አንጨርስም።»