በካርታ ብቻ የሚፈስ ወንዝ

ወንዝ በሌለው ከተማ ውስጥ ድልድይ ልሥራ ብሎ የሚነሣ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? አያውቅም ካላችሁ የዚህን ማዘጋጃ ቤት ሁለተኛ ፎቅ አልረገጣችሁም ማለት ነው።

ሚሊሜትር ረግጣዋለች። አፍንጫዋ ካርታውን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆማ፣ ከላይ እስከ ታች የተዘረጋውን ሰማያዊ መስመር በጣቷ እየተከተለች ነው። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ማስመሪያ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም፣ ዳቦ እንኳ ለጓደኛዋ ስታካፍል ትለካለች ብለው ያሟታል።

የመጣችው አባቷ ቤት የረሳውን መነጽር ልታደርስ ነበር። አባቷ የማዘጋጃ ቤቱን ካርታዎች የሚስል ሠራተኛ ነው። ካርታውን ያገኘችው ግን በአጋጣሚ ነው። ሕጉ የመልሶ ማልማት ፕላን ለሠላሳ ቀን ተለጥፎ ሕዝብ ይየው ይላል። ማዘጋጃ ቤቱም ለጥፏል፤ የለጠፈው ከኮሪደሩ በር ጀርባ ነው እንጂ! በሩ በሥራ ሰዓት ክፍት ስለሚሆን ካርታውን ሸፍኖት ይውላል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ሲዘጋ ደግሞ ሕዝቡ ውጭ ነው። ሃያ ስምንት ቀን ሙሉ ካርታውን በደንብ ያየው በሩ ብቻ ነው። ሚሊሜትር ነፋስ በርዷት በሩን ገፋ ባታደርገው ኖሮ የቀሩት ሁለት ቀናትም እንደዋዛ ያልፉ ነበር።

«አባዬ፣ ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው?»

አባቷ መነጽሩን እየጠረገ ከቢሮው ብቅ አለ። «የቱ?»

«ይሄ ነዋ። ‹ወንዝ› ይላል። ድልድይ አለው። ዳክዬ ሁሉ ተስሎበታል።»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እኛ ከተማ ወንዝ የለም እኮ!»

«ቀንሺ አልኩሽ፣ የኔ ልጅ!»

ሚሊሜትር ድምፅዋን ቀነሰች፤ ማስመሪያዋን ግን አወጣች። ከፖስታ ቤቱ ማዕዘን ጀምራ ለካች፣ በጣቷ አሰላች፣ ደግማ ለካች። ከዚያ ክው አለች። ወንዙ የሚያልፈው በገበያው ጀርባ ባሉት ሰባት ሱቆች ላይ ነው። ሦስተኛው ሱቅ የአክስቷ ስፌት ቤት ነው።

«በእትዬ ስፌት መኪና ላይ ነው የሚፈሰው» አለች።

አባቷ ግራና ቀኙን አየና ጎትቶ ቢሮው አስገባት። ነገሩን የነገራት በሹክሹክታ ነው።

ከሁለት ወር በፊት ከክልሉ መንግሥት ደብዳቤ መጣ። በዐሥር ቀን ውስጥ ፕላኑን ያላቀረበ ከተማ በጀቱ ተነሥቶ ለሌላ ከተማ ይሰጣል የሚል ነው። በዐሥር ቀን ከተማ ይታቀዳል? በዐሥር ቀን የአጥር ቀለም እንኳ አይመረጥም! የፕላን ክፍል ኃላፊው ግን ከተማው በሙሉ «ይገኛል» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። ወረቀት አለቀ ሲሉት «ይገኛል»፤ መኪናው ነዳጅ የለውም ሲሉት «ይገኛል»። ፕላኑም ተገኘ። ሌላ ከተማ የሚሠራ ወዳጁ የራሳቸውን ፕላን በፍላሽ ላከለት፤ እሱም ፍላሹን አምጥቶ አባቷ ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገው።

«የከተማውን ስም ብቻ ቀይር አለኝ» አለ አባቷ። «አርባ አንድ ቦታ ቀየርኩ።»

«ወንዙስ?»

«ወንዙን ረሳሁት።»

«አባዬ! ወንዝ ይረሳል?»

«ዐይኔ ስም ሲፈልግ ነበር። ወንዙ ደግሞ ስም አልነበረውም።»

ስህተቱን ባየበት ቀን ፕላኑ ጸድቆ ተመልሷል፤ ያውም ከምስጋና ጋር። «በተለይ የወንዝ ዳርቻ መናፈሻው ለሌሎች ከተሞች አርአያ ነው» ይላል። ከምስጋናው ሥር ማስፈራሪያው አለ፦ የጸደቀውን ፕላን የሚያሻሽል ከተማ እንዳላቀረበ ተቆጥሮ በጀቱ ይቋረጣል። አባቷ ለኃላፊው ነገረው። ኃላፊው ዐይኑን በጨው አጥቦ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ወንዙ ይገኛል!»

ከገበያው ጀርባ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውኃ የሚያይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። ሱቆቹ ከተነሡ ቦዩ ይሰፋል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ወንዝ ይባላል። ምን ችግር አለው?

ቅዳሜ ዕለት አባትና ልጅ ወደ ስፌት ቤቱ ሄዱ። ሐሙስ ትልቅ የሕዝብ ስብሰባ ስላለ፣ አባቷም መድረክ ላይ ወጥቶ ካርታውን በዘንግ ስለሚያሳይ፣ አዲሱ ሱሪው ማጠር አለበት። አክስቷ ወንድሟን ዱካ ላይ አቁማ፣ ከንፈሯ መሃል የያዘችውን ስፒል እያወጣች ሱሪው ጫፍ ላይ ትሰካለች። አፏ በስፒል ተሞልቶም አልተዘጋም።

«ደብዳቤ ደረሰኝ» አለች። «‹ሱቅዎ ከወንዙ በሠላሳ ሜትር ክልል ውስጥ በመሆኑ ይነሣል› ይላል። የምን ወንዝ? ዐሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ስቀመጥ እግሬን ያራሰኝ ውኃ ቢኖር ከጣራው የሚንጠባጠበው ብቻ ነው!»

«እና ምን አላችሁ?» አለች ሚሊሜትር፣ አባቷን በመስታወቱ ውስጥ እያየች።

«ሰባታችንም ፈርመን ጠየቅን። ‹በመታየት ላይ ነው› አሉን። በስብሰባውም ላይ ጥያቄ በጽሑፍ ብቻ ነው፣ ያውም ቀድሞ የገባ። የኛን ጥያቄ ደረሰ ወይ ስንል ጠፍቷል አሉን!» የመጀመሪያውን እግር ሰፍታ ጨረሰችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህን ወንዝ የሳለው ሰው ነው። ባገኘው ከንፈሩን በዚህ መርፌ በዚግዛግ እሰፋለት ነበር!»

ዱካው ተነቃነቀ።

«አትንቀሳቀስ አንተ፣ እወጋሃለሁ!»

ሚሊሜትር በመስታወቱ ውስጥ ዐይኗን ከአባቷ ዐይን ላይ አላነሣችም። ሦስት ቀን ሙሉ ምስጢሩን ይዛ ሰንብታለች። «አባዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ወይ አንተ ወይ እኔ።»

አባቷ ወደ እህቱ ዞረ። «እኔ ነኝ።»

«ምኑ?» አለች አክስቷ።

«ወንዙ። ማለቴ... የሳልኩት እኔ ነኝ።»

አክስቷ ከሁለተኛው እግር ላይ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ነቀለች፤ አንድ በአንድ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተተች። በመጨረሻም በሩን አሳየችው።

«ሂድ።»

«ሌላው እግርስ?»

«ሌላውን ወንዝህ ይስፋልህ!»

ሰኞ ዕለት ርዕሰ መምህሯ ሚሊሜትርን ቢሯቸው ጠሯት። በንባብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ስለሆነች ሐሙስ የወጣቶችን መልእክት የምታቀርበው እሷ ናት። መልእክቱን የጻፉት ወጣቶች አልነበሩም፤ ከፕላን ክፍል ማኅተም ተመቶበት ነው የመጣው። ሁለተኛው መስመር «በወንዛችን ዳር ተቀምጠን፣ የውኃውን ዜማ እያዳመጥን ስናጠና» ይላል። ሚሊሜትር ሳቋ አመለጣት። ርዕሰ መምህሯ ግን አልሳቁም።

«እኔም ወንዝ አላየሁም፣ ልጄ» አሉ። «ግን አዲሱ መጸዳጃ ቤት በዚሁ በጀት ውስጥ ነው። በጀቱ ከተነሣ...»

መጨረስ አላስፈለጋቸውም። በመስኮቱ በኩል የእረፍት ሰዓቱ ሰልፍ ይታያል። ዘጠኝ መቶ ተማሪ፣ ሦስት መጸዳጃ። ከኋላ የቆሙት ተራው ሳይደርሳቸው ደወሉ እንደሚደወል ያውቃሉ፤ ግን ይሰለፋሉ።

አብራት የምትቀመጠው ልጅ «ሬዲዮ» ትባላለች፤ ለምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። «አቦ፣ አንብቢና ውረጂ!» አለቻት። «ወንዝ አለን ብትዪ ምን ትሆኛለሽ? እኔ ብሆን ለመጸዳጃ ቤት ስል ባሕር አለን እል ነበር። መርከብም እጨምርበታለሁ።»

«የአክስቴ ሱቅስ?»

ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቋረጠች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ሱሪውን እየተኮሰ ነበር። አንዱ እግር ልክ ነው፤ ሌላው በአራት ጣት ይረዝማል። ራሱ ሊሰፋው ሞክሮ፣ ከኪሱ ጋር አያይዞት፣ መልሶ ፈቶታል።

«ባላነበውስ?» አለችው።

«ለኃላፊው ሰው ይገኛል፣ እኔም እባረራለሁ።»

«ካነበብኩት ደግሞ እትዬ ትባረራለች።»

ካውያውን አቆመ። «አታንብቢ እንዳልልሽ እፈራለሁ፤ አንብቢ እንዳልልሽ አፍራለሁ» አለና የረዘመውን እግር እንደገና መተኮስ ጀመረ፣ በካውያ የሚያጥር ይመስል።

ሐሙስ ጠዋት ሚሊሜትር ወደ አዳራሹ ስትሄድ በቦዩ በኩል አለፈች። ሁለት የውኃ ቦቴ መኪናዎች ቆመው ቱቧቸውን ወደ ቦዩ ልከዋል። ይገኛል ቦት ጫማ አድርጎ ከወዲያ ወዲህ ይሮጣል። ከክልሉ የመጡት እንግዳ ከስብሰባው በኋላ ወንዙን ልይ ብለዋላ!

«ጨምር! ጨምር እንጂ!»

«ጌታዬ፣ መሬቱ እየጠጣው ነው» አለ የቦቴው ሾፌር።

«ሌላ ቦቴ ይገኛል!»

ከየት እንደተዋሷቸው ያልታወቁ ሦስት ዳክዬዎችም ነበሩ። ጭቃውን አንድ ጊዜ አዩና ዞረው ወደ ገበያው አቀኑ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ቆቡን ይዞ ሲከተላቸው ሚሊሜትር ቆማ አየች። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ቆሽቷ አረረ። ሠፈራቸው ውስጥ ውኃ በቧንቧ ከመጣ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ከፊት ከንቲባው፣ ከጎናቸው ወፍራም ፋይል የታቀፉት የክልሉ እንግዳ ተቀምጠዋል። መሃል ላይ የሰባቱ ሱቅ ባለቤቶች አሉ፤ አክስቷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጥታለች። መድረኩ ላይ ካርታው ተሰቅሏል። በስንት ቀኑ ከበሩ ጀርባ ወጣ! አባቷ ዘንጉን ይዞ ከጎኑ ቆሟል፤ አንድ ቁርጭምጭሚቱ ይታያል፣ ሌላው ጫማው ጭምር ሱሪ ውስጥ ጠፍቷል። ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩት ልጆች ምን እያሉ እንደሆነ ሚሊሜትር ሳትሰማ ገባት።

እንግዳው ቀድመው ተናገሩ። «ያጸደቅነውን ፕላን አንዲት መስመር የሚነካ ከተማ፣ በጀቱን ይርሳ!» አሉ። ከፊት ተጨበጨበላቸው። ማስፈራሪያ ሲጨበጨብለት ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ፣ እንዲህ ነው፤ ቶሎ ይጀምራል፣ የሚያቆመው ግን ይጠፋል።

ከዚያ ሚሊሜትር ተጠራች። ማይኩ ከፍ ብሎባት ዝቅ አደረጉላት። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች፤ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ላይ ደረሰች።

«በወንዛችን ዳር...»

አባቷ በዘንጉ ሰማያዊውን መስመር መንካት ነበረበት። ተለማምዶታል። ዘንጉ ተነሣ፣ አየር ላይ ቆመ።

«ጠቁም እንጂ!» አለ ይገኛል ከመጋረጃው ጀርባ። ጭቃው ቦት ጫማው ላይ ገና አልደረቀም።

አባቷ ዘንጉን ዝቅ አደረገና ጫፉን ከጫማው አጠገብ አሳረፈው። ለማንም አልጠቆመም። ልጁን ብቻ ያያል። መሃል የተቀመጠችው አክስቷ ሜትሯን በሁለት እጇ ጨብጣ ወንድሟን ታያለች።

ሚሊሜትር ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችው። አልለካችውም፤ ጠርዙ ገጠመ አልገጠመም ግድ አልሰጣትም። ድምፅዋ ንባብ የለመደ ድምፅ ነው፣ ከመጨረሻው ወንበር ድረስ ይሰማል።

«ይቅርታ፣ ይህን ማንበብ አልችልም። ካርታውን ለክቼዋለሁ። ወንዝ የተባለው ሰባት ሱቅ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ጠዋት በቦቴ ውኃ ሲደፋበት አይቻለሁ፤ አሁን ደርቆ ይሆናል።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ዐሥር፤ ከዚያ ሁሉም። ከንቲባው ጠረጴዛውን መቱ። ሚሊሜትር ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ እሷ አልሳቀችም።

«ማን እንደሳለው አልጠይቅም» አለች። «የምጠይቀው አይተው የፈረሙትን ነው። እኛ ዘጠኝ መቶ ተማሪዎች ነን፣ መጸዳጃ ቤቱ ያስፈልገናል። ሰባቱ ሱቆችም ያስፈልጉናል።»

ማይኩን ከማቆሚያው ነቀለች። ከመድረኩ ወረደች፤ ገመዱ ተከትሏት እስከ ፊተኛው ረድፍ ድረስ በቃ። ከንቲባው እጃቸውን አልዘረጉም፤ እንግዳውም ፋይላቸውን ይበልጥ ታቀፉ። እሷም ማይኩን በሁለቱ መሃል ያዘች።

«ክቡር ከንቲባ፣ ከተማችን ወንዝ አላት ወይስ የላትም? እርስዎም፣ የክልሉ እንግዳ፣ የለንም ብለን እውነቱን ብናርም በጀታችን የሚቀረው ለምንድን ነው? በጽሑፍ አይሁን፣ ነገም አይሁን። አሁን፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ይመልሱልን።»