ያልኖረበት ቤት

አያ ሙላቴ ሰኞ ጧት፣ በዘበኝነት ከሚጠብቁት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ከጣሪያው አግዳሚ እንጨት ላይ ተሰቅለው ተገኙ። ያገኘቻቸው፣ እሁድን ገጠር ውላ ቁርስ ይዛላቸው የመጣች ልጃቸው የሺ ናት። ጎረቤቱ ጩኸቷን ሰምቶ ገባ፣ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ከዚያም አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ወጣ። ደብረ ታቦር ላይ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል የሚሽቀዳደመው እድርተኛ ያን ቀን ሁሉም ሥራ በዛበት። ራሱን ሰቀለ በተባለ ሰው ለቅሶ ላይ መታየት ማንም አልፈለገም። ይኼ ገና መጀመሪያው ነው፤ የባሰው ከፊት ይመጣል።

ኢንስፔክተር ውዴ ስትደርስ ግቢው ውስጥ ከየሺ በቀር ማንም አልነበረም። ውዴ የቄስ ልጅ ናት። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ሰው ሲዋሻት እንኳ እስኪጨርስ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማዋለች፤ ይኼ ጠባይዋ ብዙ ዋሾ አስይዟል።

«መሞቱስ የማንም ዕጣ ነው» አለቻት የሺ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረጃው ላይ እንደ ተቀመጠች። «የደብሩ አለቃ ተክሌ ግን ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም፣ ቅጽሩ ውስጥም አይቀበርም አሉኝ። እናቴ ያለችው እዚያ ነው። አባቴን ያለ ጸሎት ወንዝ ዳር ልጣላቸው?»

«ሬሳው መቼ ይወጣል?»

«ነገ ከሆስፒታል ውሰጂ ተብያለሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ የእኛ ነው» አለችና ውዴ ወደ ውስጥ ገባች።

ሳሎኑ ባዶ ነው። ወንበር የለ፣ መጋረጃ የለ፤ ወለሉ ላይ የተኛው አቧራ ሰው ኖሮበት እንደማያውቅ ይናገራል። ከአግዳሚው ሥር አንድ በርጩማ ወድቋል። ገመዱ ከላይ በእንጨቱ ዙሪያ ተጠምጥሞ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ውዴ ቀና ብላ አየችው፣ ከዚያ ወደ ዘበኛው ክፍል አለፈች። እዚያ ግድግዳውን ስትመለከት ቆየች። ኮፍያው፣ ፋኖሱ፣ መቁጠሪያው፣ ሁሉም የተንጠለጠሉት ወገብ ላይ በሚደርሱ ምስማሮች ነው።

«የሺ፣ ጋቢያቸውን ማን ነበር የሚደርብላቸው?»

«እኔ ነኛ። ግንበኛ ሳሉ ከመወጣጫ ወድቀው ሁለቱም ትከሻቸው ተሰብሯል። እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሣም። በምን አወቁ?»

ውዴ የቤቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ጠየቀቻት።

ባለቤቱ አዳነ ይባላል፤ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። ቤቱን ለመሸጥ ከሚስቱ ጋር ደብረ ታቦር መጥቶ ሆቴል አርፏል። ሽያጩን የያዘው ደሳለኝ የሚባል ደላላ ነው። ውዴ መጀመሪያ ያናገረችው እሱን ነው፤ ደላላ ሳይጠየቅ ያወራል ብላ።

«አቶ አዳነ ጨዋ ሰው ናቸው» አለ ደሳለኝ። «ኑሯቸው ባሕር ዳር ቢሆንም . . . ማለቴ ሥራቸው። ኑሯቸው እዚህ ነው። እዚሁ ቤት።»

«እዚሁ ቤት?»

«ሦስት ዓመታቸው።»

«ያለ አልጋ» አለች ውዴ፣ ራሷን እየነቀነቀች። «አንተስ ምስክር ሆነህ ፈርመህላቸዋል?»

ደሳለኝ ላቡን ጠረገ። «ወረቀት ነው እኮ ኢንስፔክተር። ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤት የሸጠ ሰው ከገዛበት ዋጋ በላይ ካተረፈው ላይ ከመቶ አሥራ አምስት ለመንግሥት ይከፍላል፤ የካፒታል ዋጋ ዕድገት ግብር ይሉታል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ራሱ የኖረበት ቤት ከሆነ ግን አይከፍልም። አዳነ ቤቱን ከገዛው ገና ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ አንድ ሌሊት አድሮበት አያውቅም። አስፋልቱ በደጁ ሲያልፍ ዋጋው ሰማይ ነካ። እሰይ፣ አተረፈ። ግብሩን ከፍሎ የቀረውን ይዞ መሄድ ነበረበት። እሱ ግን አምስት ሳንቲም አትነካብኝ አለ። የድሮ ቀን የተጻፈበት ውል አሠራ፣ «ሦስት ዓመት ኖሮበታል» የሚሉ ሁለት ምስክሮች አቆመ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገቢዎች ሠራተኛ ሰኞ መጥቶ ቤቱን ያያል፣ ዘበኛውን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ምስክር የአጥር ጎረቤቱ ዓለምነው ነው። ውዴ አጥሩ ላይ ቆማ ነው ያናገረችው።

«ለፊርማው ምን ሰጠህ?»

«ለማድ ቤቴ የሚሆን ቆርቆሮ» አለ ዓለምነው፣ መሬት መሬት እያየ። «አያ ሙላቴንም እንዲሁ ይበሉ በላቸው ብለውኝ ነግሬያቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ ‹እዚህ ቤት የማድረው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለጠየቀኝ ይኸንኑ እናገራለሁ› አሉ። በዚህ ዕድሜዬ ለማንም ብዬ አልዋሽም አሉኝ።»

«ይኼን ለማን ነገርክ?»

«ለደሳለኝ። ደሳለኝ ለአቶ አዳነ ነገራቸው።»

«አያ ሙላቴ እውነቱን ቢናገሩ አንተም በሐሰት ምስክርነት ትጠየቅ ነበር። ሐኪሙ የሞቱት ቅዳሜ ማታ ነው ይላል፤ የት ነበርክ?»

ዓለምነው ይኼን ጊዜ ቀና አለ። «ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ማታ ግን ከቤቴ አልወጣሁም።»

አዳነ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀምጦ እያለቀሰ ነበር። እንባው እውነተኛ ነው፤ ይኼ ነው ይበልጥ የሚቀፈው። ጥቁር ለብሷል፣ መሐረቡ ርሷል።

«እህቴ፣ አያ ሙላቴ አበልጄ ናቸው» አላት። «አንበሳሜ ሳለሁ፣ ምንም ሳይኖረኝ ልጄን ክርስትና ያነሡልኝ እሳቸው ናቸው። ሥራ የሰጠኋቸውም ለዚያ ነው። ምን አስከፍቷቸው ይኼን አደረጉ?»

«ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ደክሞኝ በጊዜ ተኛሁ።»

ስልኩ ጮኸና ተነሥቶ ራቅ አለ። ሚስቱ ሜሮን ወንበሯን ወደ ውዴ ሳበች። የታዘበችው ነገር አፏ ላይ ነበር።

«ሐዘኑ የጀመረው ዛሬ አይደለም» አለች። «ትናንት ባሕር ዳር ሰርግ ነበረብን፤ ሙሽሮቹ ምሳ በልተው ደረስን። መንገዳችን ላይ ሐሙሲት ከተማ ስንደርስ መኪናውን አቁሞ ቤተ ክርስቲያን ገባና አልወጣም አለ። እሱ እኮ በደጀ ሰላም ሲያልፍ መስታወት እንኳ የማያወርድ ሰው ነው። ጧፍ ገዝቶ፣ ቄስ ይዞ . . . መኪና ውስጥ በፀሐይ ደረቅሁ።»

«ሐሙሲት የትኛው ቤተ ክርስቲያን?» ብላ ብቻ ጠየቀች ውዴ።

ከዚያ ወደ የሺ ተመለሰች።

«የአባትሽ የክርስትና ስም ማነው?»

«ገብረ ኪሮስ። ከእኔና ከንስሐ አባታቸው በቀር የሚያውቀው የለም።» የሺ አሰብ አደረገች። «ምናልባት የክርስትና ልጃቸው ወላጆች። ሲያነሡ ስማቸው ተጠርቷል።»

ውዴ በዚያው ከሰዓት ሐሙሲት ሄደች። ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም።

በማግስቱ ጧት ሁሉንም ያንኑ ባዶ ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የሺ ከአለቃ ተክሌ አጠገብ ቆማለች። ደሳለኝና ዓለምነው በሩ ሥር ተለጥፈዋል። አዳነና ሜሮን መስኮቱ ጋ ናቸው። ከሐሙሲት የመጡት ሽማግሌ፣ ቄስ ኪዳኔ፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠው መስቀላቸውን ይዘዋል። አዳነ እንዳያቸው ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

«አለቃ፣ አንቱ የሚሉት ትክክል ነው» አለች ውዴ። «ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። እስቲ ያጠፉ እንደሆነ እንይ። ያን ቋጠሮ ያሰረ ሰው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንሥቷል። አያ ሙላቴ ኮፍያቸውን እንኳ ወገባቸው ላይ ነበር የሚሰቅሉት፤ ትከሻቸው አይነሣም። ስለዚህ ገመዱን ያሰረው ሌላ ሰው ነው።»

አለቃ ተክሌ ቀና ብለው አግዳሚውን አዩ። «ይኼን አላወቅንም ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«እሳቸው ዝም እንዲሉ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ደሳለኝ ኮሚሽኑን ይፈልጋል። ዓለምነው በሐሰት ፈርሟል። አቶ አዳነ ግብሩን መክፈል አይፈልጉም። ሐኪሙ የሞቱት ቅዳሜ ማታ ነው ብሏል፤ ማታ የት እንደ ነበሩ ሦስቱም የነገሩኝ የራሳቸውን ቃል ነው። ቃላቸውን ተውኩትና ሌላ ነገር ጠየቅሁ።» ወደ ቄስ ኪዳኔ ዞረች። «አባ፣ እሁድ ምን እንደ ሆነ ይንገሩን።»

«ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰው መጣ» አሉ ቄሱ። «አረብ አገር የሞተ ዘመድ አለኝ፣ ሬሳው አልመጣልኝም፣ ፍትሐት አድርጉለት አለን። አለቀሰ። አሳዘነን፣ አደረግንለት። የሟቹን ስም ስንጠይቀው ገብረ ኪሮስ አለ።»

«ሰውየው እዚህ አለ?»

ቄስ ኪዳኔ በመስቀላቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። የሺ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ገብረ ኪሮስ ብዙ ነው!» አለ አዳነ። «የእኔ ዘመድ ሌላ ነው።»

«አረብ አገር የሞተው ዘመድዎ ማን ይባላል?»

ሜሮን ቀስ ብላ ከአጠገቡ ፈቀቅ አለች። «አረብ አገር ዘመድ የለንም» አለች፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል።

«አያ ሙላቴ የተገኙት ሰኞ ነው» አለች ውዴ። «እሁድ ጧት መሞታቸውን የሚያውቅ ገዳያቸው ብቻ ነው። ይኼ አንድ። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። እሰቅላቸዋለሁ፣ ሰው ሁሉ ራሳቸውን አጠፉ ይላል፣ ቤተ ክርስቲያንም አትቀበላቸውም፤ ይኼን አሳምረው ያውቁ ነበር። ፍትሐቱን የቀሟቸው እርስዎ ነዎት። ከዚያ ፈሩ፤ ሌላ አገር ሄደው በውሸት ሊከፍሏቸው ሞከሩ። ፍትሐት የጠየቀላቸው ሰው ራሳቸውን እንዳላጠፉ የሚያውቅ ሰው ነው።»

አዳነ በሩን በዓይኑ ፈለገ፤ ውዴ ግን ቀጠለች።

«ቅዳሜ ማታ ሊያግባቧቸው መጡ። አልዋሽም አሉ። ማጅራታቸውን መቷቸው፤ እብጠቱ አለ። የገደላቸው ግን ምቱ አይደለም ይላል ሐኪሙ። ሲሰቅሏቸው ይተነፍሱ ነበር።»

«ሞቷል ብዬ ነው እኮ!» አለ አዳነ። ከዚያ ያለውን ሰማውና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ትንፋሹን አዳምጬ ነበር። ሞቷል ብዬ ነው . . . ነፍሱ ግን እንድትጠፋ አልፈለግሁም። አበልጄ ነው። ለነፍሱ አስቤለታለሁ።»

ምን ይባላል? ሰውን ማጅራቱን መትቶ፣ አንጠልጥሎ፣ በማግስቱ ጧፍ ገዝቶ ያለቀሰ ሰው ነው፤ ያውም አስቤለታለሁ ብሎ ምስጋና የሚጠብቅ።

«ግብሩ ስንት ነበር?» አለች ውዴ ለደሳለኝ።

«መቶ ሰማንያ ሺህ ብር።»

«ከፍሎት ስንት ይተርፈው ነበር?»

«ከሚሊዮን በላይ» አለ ደሳለኝ።

ፖሊሶቹ አዳነን አስነሥተው ሲወስዱት ሜሮን አልተከተለችውም። ደሳለኝም ስለ ውሉ ቃሉን እንዲሰጥ አብሮ ተወሰደ። ዓለምነውን ከቀብሩ በኋላ ጣቢያ እንዲቀርብ ነገሩት። አለቃ ተክሌ የሺ ፊት ቆመው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቅር በይን። መቃብሩ ከእናትሽ አጠገብ ይቆፈራል። እኔው ራሴ እፈታቸዋለሁ።»

«እኔም አለሁ» አሉ ቄስ ኪዳኔ። «በውሸት ያደረግሁትን በእውነት አደርገዋለሁ።»

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ትናንት ሥራ የበዛበት እድርተኛ ሁሉ ድንኳኑን ተሸክሞ መጣ። ሴቶቹ ከበር ጀምረው ደረታቸውን እየመቱ ገቡ። «እኔ እኮ መጀመሪያውኑ አላመንኩም» የማይል አልነበረም። ምነው ትናንት አፋችሁ ተለጉሞ ነበር የሚላቸው ጠፋ። የሺ ሁሉንም «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች ተቀበለች፤ ሐዘንተኛ ከዚህ ሌላ ምን ይላል።

ቃሬዛው ሲነሣ ወንዶቹ ትከሻ ለመስጠት ተጋፉ። ከፊት በኩል ዓለምነው ገብቶ አንዱን እጀታ ያዘ። ፊቱ በእንባ ርሷል። የሺ ሰዉን ሰንጥቃ መጣችና ፊቱ ቆመች።

«እጅህን አንሣ» አለችው።

«የሺ፣ ጎረቤቴ ነበሩ እኮ።»

«እዚህ ቤት የሚኖረው ሌላ ሰው ነው ብለህ ፈርመሃል» አለችው። «የማታውቀውን ሰው ምን ብለህ ትሸከማለህ?»

ዓለምነው እጀታውን ለቀቀ። ሌላ ሰው ተተካና ቃሬዛው ወደ ቅጽሩ በር ሄደ።