ከጨው ሜዳው ማዶ

«ቀስ በይ እንጂ፤ የምትቀቢው መኪናውን ነው ወይስ እኔን?» አለ ዶን ፋውስቶ ከጂፑ ሥር እንደተጋደመ።

ሮስሜሪ ሳቀች እንጂ ቀስ አላለችም። በጀርባዋ ተንጋላ፣ ከአባቷ በተቃራኒ በኩል፣ የጂፑን ሆድ በተቃጠለ ዘይት እየለቀለቀች ነበር። ጨው ብረት ይበላል። በኡዩኒ የጨው ሜዳ ዳር የሚኖር ሰው መኪናውን ከሥሩ ሳይቀባ ወደ ጨው አያስገባም፤ ሲመለስም ሳያጥበው አያድርም። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ሥራ ሲነሳ የሮስሜሪ የሆድ ቁርጠትም አብሮ ይነሳ ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነስታ ብሩሹን ራሷ ፈልጋ አምጥታለች። ነገ ጠዋት ይሄዳሉ።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ የኖረችው ጨው ሜዳው ዳር ነው፤ ማዶውን ግን አንድም ቀን አላየችውም። አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየአገሩ የመጣ እንግዳ እያሳፈረ ጨዉን ሲያቋርጥ ኖሯል። ጃፓኑም ብራዚሉም በቱኑፓ ተራራ ግርጌ የሚሰፍሩትን ሮዝ ወፎች አይቷል። የገዛ ልጁ የምታውቀው እናቷ ጨው እየዛቀች የምትከምርበትን ዳር ብቻ ነው። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ጦሙን እንደማደር ያለ ነገር ነው። «በሚቀጥለው እረፍት» ይላታል በየዓመቱ፤ እረፍቱ ሲመጣ ደግሞ እንግዶች ይመጣሉ።

ዘንድሮ ግን የብርዱ ወራት እረፍት ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ዶን ፋውስቶ ራት ላይ ማንኪያውን አስቀምጦ «እንሂድ» አለ። «እንግዳ የለ፣ አስጎብኚ የለ። በራሳችን መኪና፣ በራሳችን ጊዜ። ኢላሪያ፣ አንቺም እህትሽን ታያለሽ።» እናቷ ዶኛ ኢላሪያ ማዶ ያለችውን እህቷን ካየች ስድስት ዓመት አልፏታል። በማግስቱ ብርድ ልብሶቹ ሁሉ ታጥበው ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሮስሜሪ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ስትበላ ትነሳለች፤ ስትተኛ ትነሳለች፤ ተነስታ ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ትጨምራለች። ሰማንያ ሊትር ናፍጣ። አራት ጀሪካን ውሃ። ሁለት ትርፍ ጎማ። በጨዉ መሃል ያለውን፣ ቱሪስት የሚርመሰመስበትን የቁልቋል ደሴት መዝለል። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ቀየርሽ?» አለች ማሪቤል በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ። የክፍል ጓደኛዋና ጎረቤቷ ናት፤ አብራቸው እንድትሄድ ተፈቅዶላታል።

«ምንም።»

«ውሸታም፣ አምጪው ልየው።» ማሪቤል ደብተሩን ከጂፑ ኮፈን ላይ አነሳችው። «‹ጨው ላይ ቆሞ ሻይ።› ትናንት ከሻይ በፊት ፎቶ አልነበረም እንዴ? አቦ፣ አንቺ ልጅ፣ ሚኒስትር ነው እንዴ የምታጓጉዢው?»

«ፎቶ ሲረፍድ አያምርም። ብርሃኑ ዓይን ያስጨፍናል።»

«አጎቴ ፋውስቶ፣ ልጅዎ ልታሳብደኝ ነው» አለች ማሪቤል ጎንበስ ብላ። «ለመሆኑ እርስዎ ይህን ዕቅድ አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። ምንም አይወጣለትም» አለ ዶን ፋውስቶ ከሥር እየወጣ። እውነት ነው፣ ባለፈው ሳምንት ሮስሜሪ ሰጥታው ገልጦ ሲያበቃ «ሁሉም አለ» ብሎ መልሶላት ነበር። ናፍጣ መጻፍ እንደረሳች ያስታወሰችው በማግስቱ ነው። ቸኩሎ ይሆናል ብላ አለፈችው።

ዶን ፋውስቶ እጁን በጨርቅ ጠረገና «የራዲያተሩን ቱቦ ቀይሬዋለሁ፤ ትንሽ አዙሬ ልሞክረው። ትመጣላችሁ?» ሲል፣ ሮስሜሪ ገና ሳይጨርስ ፊት ወንበር ላይ ነበረች።

የሜዳው ዳር ጭቃ ስለሆነ ወደ ጨዉ የሚገባው በተደለደለ የአፈር መንገድ ነው። እሱን ሲጨርሱ ጂፑ መንገጫገጩን አቆመና ከጎማው ሥር እንደሚጠበስ በቆሎ የሚንጣጣ ድምፅ መጣ። ዶን ፋውስቶ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። እሱ ጨዉን የሚያነበው በጆሮው ጭምር ነው፤ ጠንካራው ይንጣጣል፣ የበሰበሰው ዝም ይላል። ጥቁር መነጽር አድርጎ አያውቅም። በእሱ ዘመን የነበሩ ሾፌሮች ሁሉ አያደርጉም፤ መነጽር ያጠለቀ ሾፌር ጨዉን አይለየውም ይላሉ፣ እርስ በርሳቸውም በዚህ ይሰዳደባሉ። ፀሐዩ ከላይ፣ ነጸብራቁ ከታች እየጠበሳቸው ዓይናቸውን አጥብበው መንዳት ኩራታቸው ነው።

«አባዬ፣ ነገ የምንይዘው የቱን ነው?» አለች ሮስሜሪ ደብተሯን ገልጣ። ጨው ላይ መንገድ የለም፤ ሾፌር የሚሄደው የተራራ ጫፍ ይዞ ነው።

«ምን ይጠየቃል? ቱኑፓን። ከፊትሽ፣ ትንሽ ወደ ግራ ታደርጊውና ዝም ብለሽ መንዳት ነው። ያውልሽ ቆሞ» አለ በአገጩ እያመለከተ።

ሮስሜሪ ቀና አለች። በሰሜን በኩል ምንም አልነበረም። ከትናንት ወዲያ ከደቡብ የመጣው ብርድ ሰማዩን ዘግቶት፣ ግራጫ ጉም እስከ ጨዉ ድረስ ወርዷል። ቱኑፓ ቀርቶ ጥላውም አይታይም።

«አጎቴ ደግሞ ሲቀልዱ» አለች ማሪቤል ከኋላ እየሳቀች።

ዶን ፋውስቶ ግን አልሳቀም። ፊቱ የሚቀልድ ሰው ፊት አይደለም፤ ደስ ብሎት ወደ ጉሙ ያያል። ሮስሜሪ ቀጥሎ የተናገረችውን እንዴት እንደተናገረችው ራሷም አላወቀችም።

«በረዶ ጥሎበታል አይደል፣ አባዬ? ጫፉ ላይ ብቻ።»

«አዎ» አለ። «ጫፉ ላይ ብቻ። ሲያምር።»

ማሪቤል ሳቋን አቋረጠች።

ወዲያው ከፊታቸው አንድ ጥቁር ነገር ታየ። የጨው ዓይን ነበር፤ ውሃ ከሥር እየበላ የሚከፍተው፣ ግማሽ መኪና የሚውጥ ጉድጓድ። አንድ ደግ ሰው ምልክት እንዲሆን አሮጌ ጎማ አስቀምጦበታል። ጂፑ በቀጥታ ወደ እሱ ይገሰግሳል። ሮስሜሪ አባቷ መሪውን እስኪጠመዝዝ ጠበቀች፤ አልጠመዘዘም።

«ግራ፣ አባዬ። ግራ።»

ጠመዘዘ። ጉድጓዱ በአንድ ክንድ ርቀት በጎናቸው አለፈ።

«አይቼዋለሁ» አለ ዶን ፋውስቶ። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ያፏጭ ነበር፤ ያፏጨው ግን አንድ ዜማ ሳይሆን የሦስት ዘፈን ቁርጥራጭ ነው።

ማሪቤል ከመኪናው እንደወረደች የሮስሜሪን ክንድ ይዛ ከግቢው ግንብ ጀርባ ወሰደቻት።

«ምንም አያይም» አለች በሹክሹክታ። «ሮስ፣ ሰውየው ምንም አያይም።»

«ቅርቡን ያያል።»

«ታውቂያለሽ ማለት ነው?»

ሮስሜሪ ታውቅ ኖሯል? ከሁለት ወር በፊት ዶን ፋውስቶ መኪናውን ሲያስገባ የግቢውን በር ገጭቶ «ፀሐይ ነው፤ ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ ምስጢራችን ነው» ብሏት ነበር። ምስጢር መካፈሏ ደስ ስላላት ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ሻይ ከኩባያው ውጭ ሲቀዳም አይታለች። መንገድ ላይ ማሪቤልን የገዛ እናቷ መስላው በእናትየዋ ስም ሲጠራት ሁሉም ስቀዋል። እሷም ስቃለች፤ ጉዞ እየመጣ ነበርና።

«ስሚኝ» አለች ማሪቤል። «ዝም በይ። ፊት ተቀመጪና ግራ ቀኝ እያልሽ ምሪው። ሦስት ቀን ነው፤ ማን ይነቃል?»

«ሰኞ አራት ብራዚሎች ይዞ ይወጣል።»

«የሰኞው ለሰኞ። ብትናገሪስ? የሾፌሮቹ ማኅበር ወዲያው ከሥራ ያስወጣዋል። የአባትሽን የእንጀራ ገመድ በገዛ እጅሽ ልትበጥሺ ነው?»

«ለእሱ ብቻ ብነግረውስ? ብቻውን?»

ይህን ያለችው ሮስሜሪ ናት፤ እንዳለችው ግን አባቷ ምን እንደሚመልስ በልቧ ሰማችው። ትከሻዋን አቅፎ፣ አንድ ቀልድ ቀልዶ፣ «ምስጢራችን ነው» ይላታል። እሷም እሺ ትላለች። ለአባቷ እምቢ ማለት አታውቅበትም። ይህን ስታስብ በራሷ ተናደደች፤ ከእሱ ይልቅ በራሷ።

ማምሻውን ዶኛ ኢላሪያ የደረቀ ሥጋና የደረቀ ድንች በጨርቅ ስትቋጥር እያንጎራጎረች ነበር። እናቷ ስታንጎራጉር ሮስሜሪ ከሰማች ቆይታለች። ለእህቷ የሠራችውን የሱፍ ሻርፕ ሦስት ጊዜ አጥፋ ሦስት ጊዜ ፈታችው።

«እማዬ፣ ፊት አንቺ ትቀመጫለሽ?»

«አንቺ ተቀመጪ፤ የጓጓሽው አንቺ ነሽ። እኔ ከኋላ እተኛለሁ። አባትሽ ሲነዳ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ከእሱ ጋር ሆኜ ምን እፈራለሁ?» አለችና ማንጎራጎሯን ቀጠለች።

ሮስሜሪ ደብተሯን ይዛ ወጥታ ጀሪካኖቹን ከጂፑ ፖርቶመጋላ ላይ ማሰር ጀመረች። ሌላ የምታደርገው ነገር አጥታ ነው። አንዱን ቋጠሮ ደጋግማ አጠበቀችው።

ጎህ ሲቀድ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዶን ፋውስቶ ሞተሩን አሙቆ፣ እንደ ደንቡ በየጎማው ላይ ትንሽ አልኮል አፍስሶ፣ ለእናት ምድር ጥቂት የኮካ ቅጠል በተነ። ከዚያ መሪው ጀርባ ተቀመጠና እጁን እፍ እፍ አለበት። ማሪቤል ብርድ ልብስ ተከናንባ ከኋላ ገባች። ዶኛ ኢላሪያ ሻርፑን በጉያዋ ይዛ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«አለቃ፣ አትገቢም እንዴ?» አለ ዶን ፋውስቶ። «በዕቅድሽ መሠረት ሩብ ሰዓት ዘግይተናል።»

ሮስሜሪ የፊተኛውን በር ከፍታ መሬት ላይ ቆማለች። እናቷ ከመግባቷ በፊት መናገር ትችል ነበር፤ አባቷ ብቻውን ሆኖ በየጎማው ሲዞር አጠገቡ ነበረች። ሆን ብላ ነው ያልተናገረችው። የኋላው በር እስኪዘጋ ጠበቀች።

«አባዬ፣ ትናንት ቱኑፓ አይታይም ነበር።»

«ምን አልሽ?»

«ጉም ሸፍኖት ነበር። የበረዶውን ነገር ዝም ብዬ ነው የጠየቅሁህ።»

ሞተሩ ይንደቀደቃል። ማሪቤል ጉልበቷን ማየት ጀመረች።

«ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?» አለች ዶኛ ኢላሪያ።

«እማዬ፣ አባዬ ሩቅ አያይም።» ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ፤ ቢሆንም አላቆመችም። «የግቢውን በር የገጨው እሱ ነው። ትናንት የጨው ዓይን ውስጥ ልንገባ ነበር። ሰኞ ደግሞ ሰው ይዞ ይወጣል።»

«ፋውስቶ» አለች እናቷ። ስሙን ብቻ።

ሮስሜሪ ቀልዱን ጠበቀች። አባቷ ሁልጊዜ አንድ ቀልድ አያጣም። ዶን ፋውስቶ ግን ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አላነሳም። ሲናገር ወደ ሚስቱም ወደ ልጁም አላየም።

«ዛሬስ?» አለ። «ዛሬ ይታያል?»

ሮስሜሪ ዞረች። ሰማዩ ሌሊቱን ጠርቷል። ቱኑፓ ከነጩ ሜዳ ማዶ ቁልጭ ብሎ ቆሟል፤ ከጫፉ እስከ ወገቡ በረዶ ለብሷል፣ ከበረዶው በታች ቀዩና ቢጫው አፈር በጠዋቱ ፀሐይ በርቷል። እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። ልትሄድበት ፈለገች፤ አሁንም፣ ይህን ሁሉ ተናግራ እንኳ፣ መሄድ ፈለገች።

«ይታያል» አለች። «ሙሉ በሙሉ።»

ዶን ፋውስቶ ፊቱን ወደ ሰሜን አዞረ። ዓይኑን አጠበበ፣ አንገቱን አሰገገ፣ ደጋግሞ ፈለገ። ከዚያ እጁን ወደ ቁልፉ ሰድዶ ሞተሩን አጠፋ።

ሮስሜሪ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችና ጎማው ላይ ቆማ ወደ ፖርቶመጋላው ወጣች። ገመዱ በብርዱ ደርቋል። ከታች የኋላው በር ተከፍቶ እናቷ ወደ ፊተኛው ወንበር፣ ወደ አባቷ ጎን ስትገባ ሰማች። ጣቶቿን በትንፋሿ አሙቃ የመጀመሪያውን ቋጠሮ መፍታት ጀመረች።