ሁለት ምሳ ለቢጫው ቤት

ናዲን የፈለገችው የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ ነበር። መንግሥት ለችግረኛ ተማሪ «እየሠራህ ተማር» ብሎ ከሚሰጠው ሥራ ሁሉ እሱን የሚያህል የለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጠህ የራስህን የቤት ሥራ ስትሠራ ይከፈልሃል። ግን በምዝገባው ቀን አርፍዳ ተነሣች። ስትደርስ የኮሌጁ ግቢ ውስጥ የቀረ ወንበር አልነበረም። የተረፈው ከግቢ ውጭ ያለው፣ «ለኅብረተሰቡ ጥቅም» የሚባለው ሥራ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተዘጋጀ ምሳ እየጫኑ ሐይቁ ዳር ተበታትነው ለሚኖሩ ሽማግሌዎች ማደል።

«ሾፌሩ ዌስሊ ይባላል፤ እሱም እንዳንቺ ተማሪ ነው። ብዙ አያወራም» አለቻት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ፔግ። «ሕጋችን አንድ ነው። ምሳ በር ላይ ጥሎ መሄድ የለም። ሰውየውን በዓይንሽ ታዪዋለሽ። ቆሟል፣ ይተነፍሳል፣ አበቃ። ሳያይ አየሁ ያለ ተማሪ በነጋታው እዚህ እንዳይመጣ።»

ዌስሊ እውነትም አያወራም። ቀጭን፣ ረጅም ልጅ ነው፤ ፊቱ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው ፊት ነው። መኪናው የከረመ ሾርባ ይሸታል።

«ቀበቶ» አላት።

የመጀመሪያው ቀን ጭውውታቸው ይኸው ነበር።

የመጨረሻው ቤት ቢጫ ነው። በሩን የከፈቱት ሚስተር ላህቲ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለት ምሳ ታዟል፤ አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለባለቤታቸው ለሌምፒ። ዌስሊ ምሳዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ መኝታ ቤቱ ዝግ በር ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሚስስ ላህቲ፣ እንዴት ዋሉ? ዛሬ ጥብስ ነው፤ ድንቹን ግን ፔግ ናት የቀቀለችው፣ ጥርስዎን ይጠብቁ!»

ናዲን ደነገጠች። እንዲህ ያለ ለስላሳ ድምፅ ከዚህ ልጅ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም። ከበሩ ወዲያ ግን መልስ የለም። ከውጭ ሐይቁ ብቻ ያጉረመርማል።

«ተኝታለች» አሉ ሽማግሌው፣ ወለሉን እያዩ።

መኪና ውስጥ ሲገቡ የሥራው ስልክ ጮኸ። ፔግ ናት።

«ቢጫው ቤት? ሁለቱንም አያችኋቸው?»

«አይተናል» አለ ዌስሊ።

ናዲን አፈጠጠችበት። «ምኑን ነው ያየኸው?»

«በሩን።»

በረዶው መጣ። ዌስሊ ምንም ሳይናገር በጣም የሚሞቀውን የምሳ ካርቶን እየመረጠ የናዲን ጭን ላይ ያስቀምጥላት ጀመር፤ ጣቶቿ እንዳይደነዝዙ። እሷ ስታየው እሱ መንገዱን ያያል፤ እሷ መንገዱን ስታይ እሱ እሷን ያያል። ንግግሩ ግን ያው ለበሩ ነው። ለበሩ ይቀልዳል፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ ሕልሙ ይነግረዋል።

«ለእኔ ‹ቀበቶ› ብቻ» ብላ አማረረች ናዲን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዋ።

«ተፎካካሪሽ አሮጊት ናት እንዴ?»

«አሮጊትማ ብትሆን በምን ዕድሌ። በር እኮ ነው!»

ሳቁ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ናዲን አልሳቀችም። ያን ድምፅ አንድ ጊዜ ወደ እሷ እንዲያዞረው ብቻ ነበር የምትመኘው። ደግሞ ፈራች። ውሸቱ ከታወቀ ይባረራል፤ ሥራውን ካጣ ትምህርቱም ይቀራል፣ እሱም ይሄዳል።

ፔግ ሽማግሌዎቹን ሁሉ በየቤታቸው ልትጎበኝ መሆኑን የተናገረች ዕለት ፍርሃቷ ባሰ። በማግሥቱ ዌስሊ ደጁ ላይ በረዶ ሲዝቅ ናዲን ሽማግሌውን ተጠጋቻቸው።

«ሚስተር ላህቲ፣ ፔግ ልትመጣ ነው። እባክዎ፣ ባለቤትዎን አንዴ ብቻ ልያቸው። ዌስሊ እንዳይባረርብኝ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ሌምፒማ ባለፈው በጋ ሞተች፣ ልጄ። ሚኒሶታ ወስጄ፣ እናቷ ጎን ቀበርኳት።»

ናዲን ወደ በሩ ዞረች። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ልናገር ነበር እኮ! ይሄ ልጅ መጀመሪያ የመጣ ዕለት ምሳዋን ይዞ በሩ ፊት ቆመና ሰላም አላት። አፌን ከፈትኩ፤ ፊቱን ሳየው ዘጋሁት። እንዲህ ላለ ፊት ሞት ይነገራል? ነገ፣ ነገ ስል በረዶ ጣለ።» ከዚያ እንደማፈር አሉ። «ምሳዋን የምበላው እኔው ነኝ። እሷም ብትኖር የፔግን ድንች አትነካውም ነበር።»

መኪና ውስጥ ናዲን ሁሉንም ነገረችው። ዌስሊ ሞተሩን አስነሣ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«የሚስስ ላህቲ መነጽር መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። በሳምንቱ ገባኝ። ግን ሽማግሌው ‹አለች› ብለው የሚያምኑ መስሎኝ እኮ ነው!»

ናዲን ሳቋ አመለጣት። እሱ እንዳልሳቀ ስታይ አቆመች።

«ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ፊትህ ላይ ምን አዩ?»

የመስታወቱ መጥረጊያ ሄደ፣ ተመለሰ።

«እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ እዚህ ፈተና ላይ ነበርኩ። ስደርስ ወስደዋታል። የክፍሏ በር ተዘግቷል። ‹መጣሁ› አልኩ፣ ለበሩ። እስከዛሬ አልከፈትኩትም። የተዘጋ በር ባየሁ ቁጥር ከኋላው ያለች ይመስለኛል።»

እጁን ያዘችው። ያን ዕለት በረዶ የሆነው የእሱ እጅ ነበር።

በነጋታው ጠዋት ዌስሊ ራሱ ፔግ ፊት ቆመ። «ሳላይ አየሁ ብያለሁ» አላት፤ ሁሉንም ዘረዘረላት። ፔግ ጭልፋዋን አስቀመጠች። ከዚያ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ለናዲን ሰጠቻት።

«ከዛሬ ጀምሮ የምታየው እሷ ናት። አንተ ንዳ።»

ቢጫው ቤት ሲደርሱ አንድ ምሳ ብቻ ነበር የያዙት። ናዲን ቀድማ ገባች። ሽማግሌው ጠበቋት፤ «መጋረጃውን ክፈችልኝ፣ እኔ አልደፈርኩም» ብለው ወደ መኝታ ቤቱ አመለከቷት።

ዌስሊ ምሳውን ይዞ ገባ። ልማድ ነውና ወደ መኝታ ቤቱ ዝግ በር ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ። «ሚስስ ላ…» አለና አቋረጠ።

ከበሩ ወዲያ የሴት ድምፅ መጣ።

«ግባ እንጂ።»

ምሳው ከእጁ ወደቀ። የፔግ ድንች ሳይፈርስ ወለሉን አቋርጦ ተንከባለለ።

«ናዲን ነኝ፣ ዌስ። በሩ አልተቆለፈም።»

ዌስሊ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ እጀታውን አዞረ። የተነጠፈ አልጋ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ መስኮቱን የሞላ ነጭ ሐይቅ። ሌላ ምንም የለም። ናዲን የመጋረጃውን ጫፍ ይዛ ብርሃኑ ውስጥ ቆማለች።

ዌስሊ በዚያ ለበር ብቻ በነበረው ድምፅ፣ «እንዴት ዋልሽ?» አላት።

ዛሬ ናዲንና ዌስሊ አብረው በሚኖሩበት ቤት የሚዘጋ በር የለም፤ የመታጠቢያ ቤቱም ጭምር፤ እንግዳ ሁሉ ያማርራል። ቀትር ላይ የሐይቁ ነፋስ አንዱን በር ገጭ ሲያደርገው፣ ዌስሊ ቀና ሳይል «እንዴት ዋልሽ?» ይላል፤ ናዲንም ካለችበት ክፍል «ደህና» ትለዋለች።

እሷ በሌለችበት ቀን ማን እንደሚመልስለት ግን ጠይቃው አታውቅም።