ቆዳቸው የተገፈፈ ሰባት ሳንቲሞች

ይሄ በኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። ማመን የፈለገ ይመን፣ ያልፈለገ ይተወው... ማንንም አልለምንም። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ፈጥሬ የምጽፍበት ጭንቅላት የለኝም።

ሌሊት አልነበረም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው። የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ጓሮ ውስጥ ነበርኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ልብስ አጥቤያለሁ። እጄ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ሲነጋ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያላቀቅኩ ነው የምነሳው። ሐኪሙ "ሦስት ወር ውሃ እንዳትነኪ፣ አለዚያ እጅሽን እርሺው" ብሎኛል።

ሦስት ወር! በምኔ ልበላ?

የዚያን ቀን አለቃዬ አንድ ያረጀ ካፖርት ወረወረልኝ። ባለቤቱ ትቶት ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል።

"ቀዳደሽ መወልወያ አድርጊው።"

ጠርዙን ስተረትረው ከገበሩ ውስጥ ሰባት ሳንቲሞች ዱብ ዱብ አሉ።

የመዳብ ናቸው። ጥቁርና አረንጓዴ ለብሰዋል። አንዱ ተጣሟል፣ አንዱ መሀሉን ተበስቷል፣ የአንዱ ጠርዝ የተገመጠ ይመስላል። ሁሉም ላይ የሰው ፊት አለ፤ ግን ተፍቆ አፍንጫውም ዓይኑም አይለይም።

የድሮ ሳንቲም በደህና ዋጋ የሚገዛ ሰብሳቢ መኖሩን ሰምቻለሁ። "የሦስት ወር እረፍቴን እግዜር ላከልኝ" አልኩ በልቤ።

እኔ ደግሞ ቆሻሻ ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም። ሙያዬ ነዋ!

ቤት ወስጄ በሎሚና በጨው ዘፈዘፍኳቸው። ከዚያ በድስት ሽቦ ፈገፈግኳቸው። ስድስቱን እኔ ጨረስኩ። እጄ ሲዝል ሰባተኛውን ታናሽ እህቴ ተቀበለችኝ።

እህቴ ግራ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ምልክት አላት። ስትስቅ ምልክቱም አብሯት ይስቃል።

"አንቺ እኮ ጨረቃንም ብታገኚያት ትዘፈዝፊያታለሽ" አለችኝ።

"አፍሽን ተይና እጅሽን አንቀሳቅሺ።"

ሰባቱም እንደ ፍም ቀሉ። በሥራዬ ኮራሁ።

በማግስቱ ሰብሳቢው ጋ ሄድኩ። መሳቢያ ብቻ የሞላባት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ሰው ነው። ሳንቲሞቹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"ማነው ያጠባቸው?"

"እኔ ነኛ!"

"ምነው እትዬ... ቆዳቸውን ገፈፍሻቸው እኮ።"

"የምን ቆዳ?"

"የተጣመመ እገዛለሁ። የተበሳም እገዛለሁ። ጉዳት ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ያ ጥቁሩ ግን ቆዳው ነበር። መቶ ዓመት ነው ያበቀለው። ካለሱ ማንም አይፈልጋቸውም።"

"መልሶ አያበቅልም?"

"የልጅ ልጅሽ ትደርስበት ይሆናል" አለና ሳቀ።

ሰብስቤያቸው ወጣሁ። አላለቀስኩም። ከድካሜ ብዛት ማልቀሱም ሥራ ሆነብኝ። ቤት ስገባ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸውና ረሳኋቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ጣቶቼን ላላቅቅ ስል...

አላመሙኝም።

ስንጥቁ የለም። መዳፌ ለስልሷል። እንደ ሕፃን እጅ አይደለም... እንደ ታጠበ ሰሃን።

"ሎሚው ይሆናላ" አልኩ። ደስም አለኝ።

ከዚያ መስኮቱን አየሁ።

ስድስቱ ሳንቲሞች ጠቁረዋል። ቆዳ አውጥተዋል። ሰባተኛው ብቻ እንደ ቀላ ነው።

አንዱን አነሳሁ... ይሞቃል። ፀሐይ ግን መስኮቱ ጋ ገና አልደረሰችም።

ሌላ ሰው ቢሆን አውጥቶ ይጥላቸው ነበር። እኔ ግትር ነኝ። ደግሞም የሦስት ወር እረፍቴ ተመልሳ መጣች። ስድስቱን በመሐረብ ቋጥሬ ወደ ሰብሳቢው ተመለስኩ።

አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ቆየ... በጣም ቆየ።

"እጅሽን" አለ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"አውራ ጣትሽን አሳዪኝ።"

ዘረጋሁለት። በልጅነቴ ቢላ የቆረጠኝ ጠባሳ ነበረኝ። አሁን ሳየው የለም። የጣቴ መስመር ራሱ ጠፍቷል።

ሰብሳቢው ሳንቲሞቹን በእጁ አልነካቸውም። በእርሳስ ጫፍ እየገፋ መለሰልኝ።

"ምን አየህ?"

"ጠባሳ። ስንጥቅ። የጣት መስመር..." ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። "ውሰጂልኝ። ስንት ነበሩ?"

"ሰባት።"

"ሰባተኛውን ማን አጠበው?"

ሳንቲሞቹን አፈፍ አድርጌ ወጣሁ። እየሮጥኩ ነበር። እኔ ሴትዮዋ፣ ደረጃ እንኳ እያረፍኩ የምወጣው!

ቤት ስደርስ እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ ታጥፋለች።

መስኮቱን አየሁ። ሰባተኛው ሳንቲም ጠቁሯል።

አነሳሁት። ተፍቆ የነበረው ፊት አፍንጫ አውጥቷል። ዓይንም አውጥቷል። ግራ ጉንጩ ላይ... አንዲት ጥቁር ነጥብ።

"እስቲ ዙሪ" አልኳት።

"ምን ሆነሽ ነው? ውሻ እንዳባረረው ሰው ታለከልኪያለሽ።"

ዞረች። ጉንጯ ላይ ምንም የለም። ንጹሕ። አፍንጫዋም ትንሽ... ፋቅ ያለ መሰለኝ።

"ምን ታፈጥጫለሽ?" አለችና ሳቀች።

አብሯት የሚስቅ ምልክት አልነበረም።

ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የበቀለውን ብገፍፈው ለባለቤቱ ይመለስ ይሆናል አልኩ። ከዚህ ሌላ ምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ማጠብ ነው።

ሎሚ ቆረጥኩ። ሳንቲሟን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ። ሎሚውን የሳንቲሟ ጉንጭ ላይ ትንሽ... ትንሽ ብቻ አስነካሁ።

ከወዲያኛው ክፍል የእህቴ ሹክሹክታ መጣ።

"ኧረ ቀስ... ያቃጥላል።"